ድምፃችን የጠፋባት ምሽት

አንድ ዕዳ አለብኝ። የገንዘብ ዕዳ አይደለም፤ እሱማ ስንቱ! የአምስት መቶ ቃል ዕዳ ነው። በጥር 2010 ዓ.ም. የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ ሸፍኜ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ስንከራተት፣ አንድ የአዲስ አበባ አዘጋጅ ደወለልኝና «ባሕር ዳር ነህ አይደል? እንግዲያው የቴዲን ኮንሰርት ግባና አምስት መቶ ቃል ላክልን» አለኝ። «እሺ ጌታዬ» አልኩ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልረሳውም። ዲፕሎማው ያላደረገኝን ጋዜጠኛ ያቺ የአንድ ደቂቃ የስልክ ጥሪ አደረገችኝ።

ወደ ስታዲየሙ የገባሁት አንድ አዲስ የኪስ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ይዤ ነው፤ አንደኛው ቢነጥፍ ሁለተኛው እንዲተካው። ስወጣ እስክሪብቶዎቹ የሉም። ደብተሩ አለ፤ ግን በላብ ርሶ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በማግስቱ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ስገልጠው የተጻፈበት ሦስት መስመር ብቻ ነው። አንደኛው «9 ሰዓት፤ ሰልፍ» ይላል። ሁለተኛው «ሰው ብዙ ነው» ይላል። ሦስተኛው ቀለሙ ፈስሶ አይነበብም። መቼም «ሰው ብዙ ነው» ብሎ አምስት መቶ ቃል መሙላት አይቻልም። ጽሑፉን ሳልልክ ቀረሁ፤ አዘጋጁም ደግመው አልደወሉልኝም።

ለምን አልጻፍክም ላለኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ «ድምፄ ጠፍቶ ነበር» የሚል ነበር። ሰው ይስቃል። ድምፅ ቢጠፋ እጅ አይጠፋምና! እውነቱ ግን ያን ምሽት ያየሁት ነገር ከአንድ ዘፋኝና ከአንድ መድረክ በላይ ስለሆነብኝ፣ ከየት እንደሚጀመር ስላላወቅሁ ነው። አሁን ከስምንት ዓመት በኋላ ከየት እንደሚጀመር አውቄያለሁ። የሚጀመረው ከጓደኛዬ ነው።

ጓደኛዬ ባጃጅ ነጂ ነው። ዓባይ ማዶ በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራዩ ሁለት ቤቶች ነው ያደግነው፤ የእሱ እናትና የእኔ እናት በአንድ ምጣድ ተቀባብለው ይጋግሩ ነበር። ታላቅ ወንድም ነበረው። ታላቅ ወንድሙ ለሁለታችንም ታላቅ ወንድም ነበር፤ ኳስ የመታን እሱ ነው፣ ዋና ያስተማረን እሱ ነው፣ ያጠፋን ጊዜ በኩርኩም የሚለን እሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን መጮህ ያስተማረን እሱ ነው። በሰኔ 2007 ብሔራዊ ቡድናችን በዚያው በባሕር ዳር ስታዲየም ሌሴቶን ሲገጥም ሦስታችን አብረን ገብተን ነበር። እኔና ጓደኛዬ እንደ ጨዋ ልጅ ቁጭ ብለን ስናይ ዞር አለና «እናንተ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የመጣችሁት? ከሆድ አውጡት እንጂ!» አለን። ከሆዳችን አወጣነው። 2 ለ 1 አሸነፍን። ያን ቀን ማታ ሦስታችንም በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

ከዚያ ነሐሴ 1 ቀን 2008 መጣ። ያን ቀን በባሕር ዳር ጎዳናዎች ላይ የሆነውን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰልፍ ወጣ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ብዙ ወጣቶች ሞቱ። ታላቅ ወንድማችን ጠዋት «መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀረ።

ኀዘን በየሰው ላይ የሚወጣበት መንገድ ይለያያል። እናቱ ጮኸው አለቀሱ፤ ከዓባይ ማዶ እስከ ገበያው ድረስ ዘመድ አዝማድ አብሯቸው አለቀሰ። ጓደኛዬ ግን ድምፅ አላወጣም። ድንኳኑ ውስጥ ውኃ ሲያድል፣ ወንበር ሲደረድር፣ እንግዳ ሲያስተናግድ ሰባቱን ቀን ዋለ። «ልጁስ ጀግና ነው» ተባለ። እኔ ግን ጀግንነት አልመሰለኝም። ከዚያ በኋላ የባጃጁን ቴፕ ዘጋ። መንገደኛ «ሙዚቃ የለህም እንዴ?» ሲለው «ተበላሽቷል» ይላል። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በዚያች ባጃጅ ውስጥ ከሞተሩ ድምፅ በቀር ሌላ አልተሰማም። ሰው የተሰበሰበበት ቦታም አይሄድም፤ ለጥምቀት እንኳን ታቦት የሚሸኘው ከሩቅ፣ ከዳር ቆሞ ነበር።

ሲነገር የብቻው ጉዳይ ይመስላል እንጂ የከተማው ጉዳይ ነበር። በመስከረም 2009 መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ለአሥር ወር ያህል ጸንቷል። በዚያ ጊዜ በባሕር ዳር «ሰው ተሰብስቧል» የሚለው አነጋገር ራሱ ትርጉሙ ተለወጠ። ዱሮ «ሰው ተሰብስቧል» ሲባል ልጅ ሁሉ ሠርግ ነው፣ ኳስ ነው፣ አዝማሪ ነው ብሎ ወደዚያ ይሮጣል። ያን ጊዜ ግን ሲባል ሱቅ ይዘጋል፤ እናት ልጇን ትጣራለች።

የቴዲ ኮንሰርት ወሬ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ቴዎድሮስ ካሣሁን «ኢትዮጵያ» የሚለውን አልበሙን ያወጣው በሚያዝያ 2009 ነበር። አልበሙ በአሜሪካው ቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ እስከ መውጣት ደርሷል፤ በአገሩ ግን ዘፋኙ መድረክ አላገኘም። በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሊደረግ የነበረው የምረቃ ዝግጅት ታገደ፤ ለዘመን መለወጫ የታሰበውም ኮንሰርት ሳይፈቀድ ቀረ። እንግዲህ ሕዝቡ ዘፈኑን ከባጃጅ፣ ከሻይ ቤትና ከስልክ ሰምቶ በቃሉ ካጠና በኋላ፣ «ዘፋኙ በአካል ይመጣል፤ የሚመጣውም ባሕር ዳር ነው» ሲባል የሆነውን መገመት አያዳግትም። በጥምቀት ሰሞን ነው ተባለ። ከተማው ተናጠ።

እኔ የተላክሁ ሰው ነኝ፤ መግባቴ ግዴታ ነው። ጓደኛዬን ግን ማን ያስገባዋል? ሦስት ቀን ለመንሁት። በመጨረሻ «እናቴን አስፈቅድ» አለኝ። የማይፈቅዱ መስሎት ነው፤ እምቢታውን በእናቱ በኩል ሊያስነግረኝ ፈልጎ።

እናቱ ምጣድ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነገሩን አስረዳሁ። አሰሱ፣ ከደኑ፣ አወጡ፤ ዝም። ሌላ እንጀራ ጋገሩ፤ አሁንም ዝም።

«እትዬ፣ እኔ አብሬው አለሁ አይደል?» አልኳቸው ቢቸግረኝ።

«አንተስ ማን ነህና? አንተም የሰው ልጅ ነህ» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። ሌላም እንጀራ ወጣ። ከዚያ ፊታቸውን ከጢሱ መለስ አድርገው «ይህ ልጅ ከዚያ ወዲህ ስቆ ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። «አያውቅም» አልኩ። «እንግዲያው ይዘኸው ሂድ» አሉ። ቀጥለውም የዚያች ከተማ እናት ብቻ የምታውቀውን ትምህርት ሰጡኝ፤ «እጅ ለእጅ ተያያዙ። መሐል አትግቡ፣ ጥግ ያዙ። ሰው ሲሮጥ አትሩጡ፣ ግድግዳ ተጠጉ። ስልካችሁን እንዳትዘጉ።» ለዘፈን ነው እንግዲህ! ይህን ሁሉ ያሉን ለዘፈን ነው።

ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። በዚያው የጥምቀት ሰሞን፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ወልድያ ላይ የሚካኤልን ታቦት በሚያጅቡ ምእመናን መሐል ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ሞተዋል። በአንዱ ከተማ ታቦት ለማጀብ የወጣ ሰው እንደወጣ ሲቀር፣ በሌላው ከተማ እኛ ዘፈን ልንሰማ እንወጣለን። የዚያ ዘመን ኑሯችን እንዲህ ያለ ነበር።

ስታዲየሙ በር ላይ በዘጠኝ ሰዓት ተሰለፍን። የባሕር ዳር የጥር ፀሐይ ቀን ቀን አትቻልም፤ አቧራው ደግሞ ከላብ ጋር ሲገናኝ ሰውን ሁሉ አንድ መልክ ያደርገዋል። ከፊታችን ከጎንደር የመጡ ሦስት ልጆች ነበሩ፤ ከኋላችን አንዲት ሴትዮ ከልጃቸው ጋር ቆመዋል። ቆሎና ኦቾሎኒ የሚያዞሩ ልጆች በሰልፉ መሐል ይሹለከለካሉ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያልለበሰ፣ ያላሰረ፣ ፊቱን ያልተቀባ የለም። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «የኳሱ ዕለት በዚህ በር ነው የገባነው» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ጥግ ያዙ የተባልነው ምክር ገና ከበሩ እንዳለፍን ፈረሰ። ጥግ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው እንደ ውኃ ገፋን፤ ሜዳው መሐል አደረሰን። ከፊታችን እንደ ቤት የተደራረበ ሞንታርቦ ቆሟል። መሸ፤ ብርሃን በራ፤ አቡጊዳ ባንድ መታ። የመጀመሪያውን ምት የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም። መጀመሪያ በጫማዬ ሶል፣ ቀጥሎ በጉልበቴ፣ ከዚያ በጎድን አጥንቶቼ መሐል መጣ። ጆሮዬ የደረሰው በመጨረሻ ነው። ዘፋኙ ሲወጣ ደግሞ ባንዱም አልተሰማ፤ እኛ ዋጥነው።

ነገሩን በደንብ ላስረዳ። ሰው ሁሉ ዘፈኖቹን በቃሉ ያውቃል። ዘፋኙ አንዲቱን ስንኝ ሲጀምራት ሕዝቡ ጨርሷታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው፤ መድረኩ ከስታዲየሙ ወዲህ ማዶ፣ ሕዝቡ እስከ ወዲያኛው ማዶ። ከኋላ ያሉት ዘፈኑ የሚደርሳቸው ዘግይቶ ነው፤ እነሱም ዘግይተው ይዘፍናሉ፤ የእነሱ ድምፅ ተመልሶ እኛ ዘንድ ሲደርስ እኛ ወደሚቀጥለው ስንኝ አልፈናል። ስለዚህ አንዱ ዘፈን በአንድ ጊዜ ሦስትና አራት ቦታ ላይ ነበር። የጣና ማዕበል ነፋስ ባለበት ቀን ደንጊያውን መትቶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር እንደሚጋጨው ያለ ነው። የሙዚቃ ባለሙያ ቢሰማው ጆሮውን ይይዝ ነበር። እኛ ግን እንዲያ ያለ ጥሩ ዘፈን ሰምተን አናውቅም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ አንብቤያለሁ። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1965 ኒው ዮርክ ሺ ስታዲየም ውስጥ ከ55 ሺህ በሚበልጥ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ፣ ጩኸቱ ከድምፅ ማጉያቸው በልጦ የራሳቸውን ዘፈን መስማት አቅቷቸው ነበር ይባላል። ግን እነዚያ ይጮኹ ነበር፤ የእኛዎቹ ይዘፍኑ ነበር። ልዩነት አለው። የእኛ አገር አድማጭ ከጥንትም ዝም ብሎ መስማት አልለመደም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ራሱ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ይመልስለታል። ግጥሙ የማን ነው? የሰጪውም የተቀባዩም ነው። ያን ምሽት ዘፋኙ ማይኩን ወደ እኛ ባዞረ ቁጥር የሆነው ይኸው ነበር፤ «ተቀበሉ» አለን፣ ተቀበልን። በተለይ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መነሻ ያደረገው ዘፈን ሲጀመር። መቼም ጎጃም መሬት ላይ ቆሞ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር መዝፈን ሰውን በገዛ ቤቱ እንደ ማስለቀስ ነው። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በመጽሐፍ ያነበብነው፣ በሬዲዮ ትረካ ያዳመጥነው የጎረቤታችን ታሪክ ነውና።

ላቡ! ስለ ላቡ ሳልናገር ብቀር ዘገባው አይሞላም። ሸሚዜ ሰውነቴ ላይ ተለጠፈ፤ ላቡ የእኔ ብቻ አልነበረም። የግራዬ ሰው ላብ፣ የቀኜ ሰው ላብ፣ ከፊቴ የሚዘለው ልጅ ፀጉር ላይ የሚረጨው ላብ። ማን የማንን እንደለበሰ አይታወቅም። ሽታው የሰው፣ የአቧራና የተረገጠ ሣር ነው። እስክሪብቶዎቼ የወደቁት፣ ደብተሬም የራሰው በዚያ ጊዜ መሆን አለበት።

በአንደኛው ግፊያ የጓደኛዬ እጅ ከእጄ ወጣ። «እጅ ለእጅ ተያያዙ» የሚለው ቃል ወዲያው ጆሮዬ ላይ ደወለ። ደነገጥሁ፤ በአንገቴ እየተንጠራራሁ ፈለግሁት። ሦስት ሰው ያህል አልፎ አገኘሁት፤ የመድረኩ ብርሃን ፊቱ ላይ ወድቋል። አፉ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። የአንገቱ ሥሮች ተገትረዋል። ዓይኖቹ ተጨፍነዋል፤ ፊቱ ላይ የሚወርደው ላብ ይሁን ሌላ አይታወቅም። ድምፁን መስማት አልቻልኩም፤ ማንም የማንንም ድምፅ መስማት አይችልም። «ዘፈነ!» አልኩ ለራሴ። «እግዜር ይመስገን፣ ዘፈነ!» ከዚያ በኋላ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ጮኽሁ። የመጣሁበትንም ሥራ ረሳሁ።

ስናበቃ ወደ ዓባይ ማዶ በእግራችን ነበር የተመለስነው፤ በዚያ ሰዓት ባጃጅ ከየት ይገኛል? ባሕር ዳር በቀን ቆላ ብትመስልም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጥር ሌሊቷ ይበርዳል። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲመጣ በመንገዱ ሙሉ ከሚሄደው ሰው ጀርባ ላይ እንፋሎት ሲነሣ በመንገድ መብራቱ ይታይ ነበር። ሰው ሁሉ ይጨሳል። ጆሮዬ ውስጥ አንድ ቀጭን ፉጨት አለ። ጆሯችን ውስጥ ያሉት ደቃቅ የመስሚያ ፀጉሮች በከባድ ድምፅ ሲደክሙ እንዲህ እንደሚፎጭ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ዘፈኑ አብሮኝ እየመጣ መስሎኝ ነበር።

ዓባይ ድልድይ ደረስን። ዛሬ ያለው 380 ሜትሩ አዲሱ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ነው፤ ያኔ መሻገሪያችን አሮጌው ነበር። ድልድዩን ከሚጠብቁት አንዱ፣ ካፖርቱን የደረበ በእኛ ዕድሜ ያለ ልጅ፣ ጠጋ አለንና «እንዴት ነበር?» አለን። ልመልስለት አፌን ከፈትሁ፤ ነፋስ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ጓደኛዬ ሞከረ፤ ከእሱም ምንም አልወጣም። ጠባቂው ተራ በተራ አየንና ሳቀ። «ገባኝ፣ ገባኝ! እለፉ» አለን። ከነሐሴ 2008 ወዲህ እኔና ጓደኛዬ መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር አብረን የሳቅነው ያን ጊዜ ነው።

እናቱ በር ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ ያን አስተሳሰር ማንም ሐበሻ ያውቀዋል፤ ክፉ ለመስማት የተዘጋጀ ሰው አስተሳሰር ነው። ሁለታችንንም ከራስ እስከ እግር ዳበሱን። «ምነው ዝም አላችሁ? ምን ሆናችኋል? ተናገሩ እንጂ!» አሉ። ጓደኛዬ ጉሮሮውን እያሳየ በእጁ አስረዳቸው። ቆም ብለው አዩት። ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈቱና «ድምፅህን ብቻ ነው የተውከው?» አሉት። ራሱን ነቀነቀ። «ተመስገን» አሉ፤ «ድምፅ ይመለሳል።» ያን ሌሊት በዝንጅብል ሻይ አፍልተው ሰጡን።

ድምፃችን ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀ። ጓደኛዬ ሦስቱንም ቀን ባጃጁን የነዳው በምልክት ነው፤ ሒሳብ በጣት እየቆጠረ፣ አቅጣጫ በአገጭ እየጠየቀ። አንዲት እናት ዲዳ መስሏቸው «እግዜር ይማርህ ልጄ» ብለው መልሱን ትተውለት ወርደዋል። በአራተኛው ቀን ሠፈር በር ላይ ቆሞ ስጠብቀው የባጃጁ ቴፕ ሲዘፍን ከሩቅ ሰማሁት።

ከዚያ ምሽት አንድ ወር ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ፤ በማግስቱ የካቲት 9 ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ከተማችን የክልሉን ባለሥልጣናት ግድያ አየች። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ አዋጅ መጣ፤ ባሕር ዳርም የሰዓት እላፊ ከታወጀባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። በሰዓት እላፊ ሌሊት ከዓባይ ማዶ ሆኖ የሚሰማው የውኃውና የውሻ ድምፅ ነው። እንዲያ ባሉ ሌሊቶች ያን ምሽት ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ትዝ የሚለኝ ዘፈኑ አይደለም። ትዝ የሚለኝ የዚያን ያህል ሰው በአንዲት ከተማ ውስጥ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ የቻለውን ያህል ጮኾ፣ እኔ ባለሁበት ጎዳና ሁሉም ወደ እናቱ ቤት መመለሱ ነው። ሌላ ቦታ ይህ ዜና አይደለም። አዘጋጁም ቢሆኑ «እና ምን ይጠበስ?» ይሉኝ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ግን ዜና ነበር።

የጓደኛዬንም ነገር ለዓመታት እንዲህ እያልኩ ነው ያወራሁት፤ «ወንድሙ ከሞተ በኋላ ዝም ያለ ልጅ፣ አንድ ምሽት ዘፈነና ዳነ።» ጥሩ ወሬ ነው። ቡና ላይ ስታወራው ሰው ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

በቅርቡ ጣና ዳር ከዋርካው ሥር ቁጭ ብለን ዓሣ ስንበላ ያን ዕዳዬን ልከፍል፣ ይህን ጽሑፍ ልጽፍ እንደሆነ ነገርኩት። ሳቀ። «ምን ብለህ?» አለኝ። ያው የማወራውን አወራሁለት። አጥንቱን ከቆሮሶው እየለየ ሰማኝና፣ እንደ ቀላል ነገር «እኔ እኮ አልዘፈንኩም» አለኝ።

«እንዴ! በዓይኔ አይቼሃለሁ!»

«አፌን ነው ያየኸው» አለ። ጥቂት ዝም ብሎ ቀጠለ። «ስሙን ነበር የምጠራው። ቤት እንዳልጠራው እናቴ አለች። መንገድ ላይ እንዳልጠራው ሰው አለ። እዚያ ግን ማንም ማንንም አይሰማም። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ድረስ ስሙን ጠራሁት። ከሆድ አውጡት ብሎን የለ?»

ዓሣው ቀዘቀዘ። ከሐይቁ ላይ አንድ ታንኳ ያለ ድምፅ ያልፋል።

እንግዲህ ጋዜጠኛ ያየውን ይጻፍ ብለው አስተምረውኛል። እኔ ያየሁት የተከፈተ አፍ ነው፤ ዘፈኑን የጨመርኩት ራሴ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ቡና ላይ ያወራሁት ስሕተት ነበር፤ ይኸው በዚህ ጽሑፍ ታርሟል። ያን ምሽት በአጠገቤ ከሚጮኹት መሐል ስንቱ ዘፈን፣ ስንቱ ስም ይጠራ እንደነበረም ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ።

ስንለያይ «ልጻፈው ታዲያ?» አልኩት።

«ጻፈው» አለኝ። ባጃጁን ካስነሣ በኋላ አንገቱን አውጥቶ ጨመረ፤ «ስሙን ግን አትጻፈው። እኔ ጠርቼዋለሁ።»

አልጻፍኩትም። የተባልኩትም አምስት መቶ ቃል ነበር፤ በዝቷል። የስምንት ዓመት ወለድ ይሁንልኝ።